የአራተኛው ታንከር እሽግ

ጋዜጣው በቀኝ እጁ ነበር።

በግራ መሆን ነበረበት።

ሴትዮዋ እርምጃዋን አልቀየረችም። የመድኃኒት ቤቱ ሰልፍ እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ወጥቷል። ፖስተኛው ከሰልፉ ስምንተኛ ሆኖ ጋዜጣውን እንደ ማራገቢያ ያወዛውዛል። «ፖስተኛው» የሥራ ስሙ ነው። እውነተኛውን አታውቀውም፤ እሱም የእሷን አያውቅም። ጋዜጣው በግራ እጁ ከሆነ ከኋላው ትሰለፋለች፣ የምሳ ዕቃዋን መሬት ታስቀምጣለች፣ እሱ ያንን አንስቶ ተመሳሳዩን ትቶላት ይሄዳል። በቀኝ ከሆነ አይተዋወቁም።

በቀኝ ማለት ሰው ተከትሎሻል ማለት ነው።

አለፈችው። ልብሱ እንኳ ልብሷን አልነካም።

የድስትና የብርድ ልብስ መደብር መስኮት ፊት ቆማ ዋጋ የምታይ መሰለች። መስታወቱ መንገዱን ወለል አድርጎ ያሳያል። ቡናማ ጃኬት የለበሰ ሰው፣ የቀኝ ኪሱ ተቀዶ ተንጠልጥሏል። ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያስራል።

ጫማው ማሰሪያ የለውም።

ቢጨንቃትም ሳቋ ሊመጣ ነበር። ከዚያ የልብስ ሰፊዎቹን ሱቅ አስታወሰች። ገብታ አንዷን ሰፊ «እህቴ፣ መጸዳጃ ቤት በሞቴ?» አለቻት። ሰፊዋ መርፌውን ከከንፈሯ ሳታወጣ በአገጯ ጠቆመቻት። ከመጸዳጃው ጀርባ ሌላ በር አለ፤ ይህን በር ካጠናችው ሦስት ወር ሆኗታል። አውቶቡስ ተሳፈረች። በመጀመሪያው ፌርማታ ወረደች። መንገድ ተሻግራ በተቃራኒው ተሳፈረች። ዞር ብላ አየች።

ማንም የለም።

የምሳ ዕቃውን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ያዘችው። ውስጡ በፎጣ የተጠቀለለ ጠርሙስ አለ። የላይኛው ግማሽ የጠራ ናፍጣ ነው። የታችኛው ጥቁር ውሃ ነው። በሁለቱ መሃል፣ የቆየ ወተት ላይ እንደሚረጋው ያለ፣ ቡናማና ወፍራም ቆዳ ተንሳፍፏል። ጠርሙሱ ሲነቃነቅ ቆዳውም አብሮ ይተነፍሳል።

*

ፖስተኛው ካልተሳካ የሚኬደው ወደ መነጽር ቤቱ ነው።

«ለቅርብ ማያ መነጽር ይኖራችኋል?»

«ለማን ነው?»

«ለእናቴ።»

«እናትሽ ካልመጣች አልለካም» አለና ባለመነጽሩ በሩን ቆልፎ «ዝግ ነው» የሚለውን ሰሌዳ ገለበጠ። ዕድሜው ስድሳ ይሆናል። ድምፁ የዋህ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወደ ሥራ ያሰማራት፣ ከሥራ የሚያወጣትም እሱ ነው። «ወንፊት» የሚለውን የሥራ ስም ያወጣላትም እሱ ነው።

«ምን አመጣሽ ወንፊት?»

«ጥፋተኛውን።» ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አቆመችው።

«ማን ነው?»

«ውሃ ነው።»

ባለመነጽሩ አጎንብሶ አየው። አፍንጫውን ሸበሸበ።

«ከነዳጅ ዲፖው አራተኛ ታንከር ወለል ነው የቀዳሁት» አለች። «አርባ አንድ ሳንቲ ሜትር ውሃ ተኝቷል። ያ ቆዳ የሚመስለው ነገር ሕይወት አለው። ውሃው ውስጥ ይኖራል፣ ናፍጣውን ይበላል። ፊልትሮ ላይ ሲደርስ እንደ ንፍጥ ይለጠፍና ሞተሩ ታንቆ ይቆማል። የዚያ ክሊኒክ ጄኔሬተር በቀዶ ሕክምና መሃል የጠፋው በዚህ ነው። መርዝ የጨመረ እጅ ፈልጊ ብላችሁ ላካችሁኝ። አራት ወር ፈለግሁ። እጅ የለም።»

«ናፍጣ የሚበላ ፍጡር አለ ልትይኝ ነው?»

«ድሮ በናፍጣው ውስጥ ያለው ድኝ ኑሮ ይከለክላቸው ነበር። አሁን ድኙ ተቀንሶ ነው የሚመጣው። ለሰው ሳንባ ጥሩ ነው፣ ለእነሱም ተመቸ። ቢሆንም ውሃ ካጡ አይኖሩም። የታንከሩ ውሃ በየሳምንቱ ከታች መፍሰስ ነበረበት። ሁለት ዓመት አልፈሰሰም። የማፍሰሻው ቧንቧ በሽቦና በእርሳስ ታሽጓል። ‹ናፍጣ በዚያ በኩል ይሰረቃል› ተብሎ።»

«ማን አሸገው?»

እያወቀ ነው የጠየቃት። የትእዛዙን ቅጂ በዲፖው መዝገብ ውስጥ አይታዋለች። ማኅተሙንም ታውቀዋለች።

እነሱ ናቸው። የራሷ መሥሪያ ቤት።

ባለመነጽሩ ጠርሙሱን አንስቶ ወደ ጥግ ሄደ። ብርጭቆ የሚያጥብበት ገንዳ አለው። ክዳኑን ከፈተ። ደፋው።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«እያጠብኩ» አለ። ቧንቧውን ለቀቀበት። የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታ ክፍሉን ሞላው፤ እሱ ግን እጁን በሳሙና አሽቶ ታጠበ። «የዚያ ትእዛዝ ፈራሚ በሚቀጥለው ወር ሚኒስትር ሊሆን ነው። ይሄ ጠርሙስ አልነበረም። ገባሽ?»

«ነገ ስድስት ቦቴ ከዚያ ታንከር ይጭናል» አለች። «ታንከሩ እስከ ወለሉ ይቀዳል። ሐሙስ ዋናው የመብራት መስመር ለጥገና ሲቋረጥ ሆስፒታሉ ሁለት ቀን በዚያ ናፍጣ ነው የሚቆመው። ማሞቂያ ውስጥ የተኙ ጨቅላዎች አሉ። ጄኔሬተሩ ሁለት ሰዓት አይሄድም።»

«ይሆናል። ላይሆንም ይችላል።»

«ከሆነስ?»

«ከሆነ ሰው ሁሉ አሻጥረኛው የት አለ ይላል። እኛ ደግሞ ቀድመን ይዘነዋል።» ከመሳቢያው የአውራ ጣት የምታህል የመርዝ ብልቃጥ አውጥቶ ፊቷ አስቀመጠ። «ነገ ጠዋት በታንከር ለኪው ሽማግሌ ቁም ሣጥን ውስጥ። ከጫማው ሥር። ከዚያ ሥራሽ አበቃ።»

«እሱ ምንም አላደረገም።»

«ለዚህ እኮ ነው የሚያመቸው። የሚጠረጥርም፣ የሚሸሽም አይደለም።»

ብልቃጧን ወሰደች። ባትወስድ ሌላ ሰው እንደሚወስዳት ታውቃለች። በሩ ጋ ስትደርስ የካፖርት መስቀያው ላይ ዓይኗ አረፈ።

ቡናማ ጃኬት። የቀኝ ኪሱ የተቀደደ።

*

ረቡዕ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በዲፖው በር ላይ ቦርሳዋን ለፍተሻ ሰጠች። ብልቃጧ ፀጉሯ ውስጥ ነበረች።

እዚህ ግቢ ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ሠራተኞቹ «ጠርሙስ» ይሏታል፤ ጠርሙስ ሳትይዝ ታይታ ስለማታውቅ። የውሸት ስሟ የሚጠራው በደመወዝ ቀን ብቻ ነው። በዚያ ስም አራት የጥራት ወረቀት ፈርማለች። አራቱም «ንጹሕ» ይላሉ። ናሙናው ከታንከሩ አናትና ወገብ ይቀዳል፤ ወለሉ አይነካም። መመሪያው እንዲህ ነው፣ እሷም ሽፋኗን ላለማጋለጥ እንደ መመሪያው ሠራች። ከአናት የተቀዳ ናፍጣ ደግሞ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው።

ላቦራቶሪውን ከፈተች። ጠረጴዛው ላይ ስድስት የመውጫ ወረቀቶች ተደርድረው ጠበቋት። ለስድስቱ ቦቴዎች። «ንጹሕ»። ቀኑ የዛሬ ነው።

ከሥሩ ፊርማዋ አለ።

እሷ አልፈረመችም።

አንዷን ወረቀት ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየቻት። ጭራው እንኳ በትክክል ተጠምዟል። እምቢ ለማለት መጥታ ነበር። እምቢታዋን የሚጠይቅ ሰው የለም።

«አንቺ ጠርሙስ! አለሽ?»

ታንከር ለኪው ነው። ጋሼ ይሉታል ሁሉም፣ ሥራ አስኪያጁ ሳይቀር። ሠላሳ አንድ ዓመት የናስ ቱንቢ ጫፉ ላይ ያለበትን ሜትር ታንከር ውስጥ እየሰደደ ልክ ሲያነብ ኖሯል። ጡረታ ሊወጣ አምስት ወር ቀርቶታል። ቱንቢው ላይ ውሃ ሲነካው የሚቀላ ቅባት ይቀባል። አራተኛውን ታንከር ሲለካ እንዳይቀባ ተነግሮታል፤ እሱ ግን ይቀባል። ትናንት ከወለሉ እንድትቀዳ ገመዱን የያዘላትም እሱ ነው፤ ለምን ብሎ አልጠየቃትም።

«ዛሬስ ቀላ ጋሼ?»

«ቀላ ወይ ትለኛለች! ሁለት ዓመት ሽንቱን የቋጠረ ታንከር ነው እኮ ልጄ። ሰው ቢሆን ይሄኔ ተቀብሯል።» ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። ወረቀቶቹን አየ። «ፈረምሽ እንዴ?»

«አልፈረምኩም።»

ወረቀቱንና ፊቷን እያፈራረቀ አየ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ያቺ የአይጧ ነገር እውነት ናት?»

በመጀመሪያው ሳምንቷ ነው ያወራላት። አንዲት አይጥ የሦስተኛውን ታንከር እሽግ ሽቦ አኝካ በጠሰችው። እሽግ ከተበጠሰ፣ በምንም ምክንያት ይሁን፣ አምስት አባላት ያሉት ኮሚሽን መጥቶ እስኪቆጥር ከዚያ ታንከር አንዲት ጠብታ አይወጣም። ሕግ ነው። ሥራ አስኪያጅም ሆነ ሌላ አለቃ ሊሽረው አይችልም።

«እንዴታ! ሦስት ቀን ሥራ ፈተን ተቀመጥን። አምስቱ ሰዎች የአይጧን ጥርስ ሊለኩ ትንሽ ነበር የቀራቸው። ቃለ ጉባኤው ላይ ‹ተጠርጣሪዋ ተሰውራለች› ብለው ፈረሙ ስልሽ!»

እሷ አልሳቀችም።

«ፒንሳ አለዎት?» አለችው።

ጋሼ ለምን አላላትም። ከቀበቶው ፈትቶ ሰጣት።

*

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ፀሐዩ ከታንከሮቹ ነጭ ቀለም ላይ እየነጠረ ዓይን ይወጋል።

ስድስቱ ቦቴዎች ተሰልፈዋል። የመጀመሪያው በመጫኛው ክንድ ሥር ገብቶ ክዳኑን ከፍቷል። ከሱ ጎን የሆስፒታሉ የጄኔሬተር መካኒክ ቆሟል፤ አጭር፣ ደንደን ያለ፣ ነዳጁን ራሱ ሊረከብ የመጣ ነጭናጫ ሰውዬ።

«ባለፈው የላካችሁልኝን አልረሳሁትም!» ይላል ለሾፌሩ። «በሳምንት አራት ፊልትሮ! አራት! ፊልትሮ እንደ ሽንኩርት ይላጣል እንዴ?»

«እኔ ነጂ ነኝ ወንድሜ፣ እኔን ምን አድርግ ትለኛለህ?»

ሴትዮዋ አለፈቻቸው። እጇ ውስጥ ባዶ ጠርሙስ ይዛለች፤ በጋዋኗ ኪስ ፒንሳው አለ። «ጠርሙስ» ጠርሙስ ይዛ ስትሄድ ማንም ቀና ብሎ አያይም።

አንድ ሰው ግን አየ።

የጥበቃ ሰደርያ ለብሷል፣ በር ላይ ቆሟል። ጫማው ማሰሪያ የለውም።

ሃያ እርምጃ ቀርቷታል። ሰውዬው ከበሩ ተነሳ። አሥራ አምስት። አትሮጪ። የሮጠ ሰው ይያዛል። አሥር። ከኋላዋ የጠጠር ድምፅ ፈጠነ።

ታንከሩ ሥር ተንበረከከች። እሽጉ በማፍሰሻው መዘውር ላይ በሽቦ ተጠምጥሞ ተንጠልጥሏል። እርሳሱ ላይ የመሥሪያ ቤቷ ምልክት ተቀርጿል። ፒንሳውን አስገባች።

ቀጭ!

መዘውሩን ያዘች። አልዞረም። በሁለት እጇ ያዘች። የሁለት ዓመት ዝገት ነው፤ ንቅንቅ አላለም። መዳፏ ተላጠ። ከኋላዋ ጠጠሩ ጸጥ አለ፤ ሰውዬው በሾፌሮቹ ፊት ሊነካት አልደፈረም።

ሁለት ሌሎች እጆች ከላይ መጡ። ሻካራ፣ የናፍጣ ጥቁረት ከጥፍራቸው የማይለቅ እጆች።

«ወደ ግራ» አለ ጋሼ። «አብረሽኝ። እንዲህ!»

መዘውሩ ጮኸና ዞረ።

በመጀመሪያ ምንም አልመጣም። ቀጥሎ ቧንቧው ተንቀጠቀጠ፣ አንድ ጊዜ ተፋ፣ ከዚያ ጥቁር ውሃ እንደ ጅራፍ ወጣ። ከውሃው ጋር ልጋጉ ይመጣል፤ ረጃጅም፣ ቡናማ፣ ሲሚንቶው ላይ ሲወድቅ እንደ ጉበት የሚንቀጠቀጥ። ሽታው ግቢውን ያዘው። ሾፌሮቹ አፍንጫቸውን ይዘው ወረዱ። አንዱ ዞር ብሎ አስመለሰ።

መካኒኩ እየሮጠ መጣ። ከሴትዮዋ እጅ ጠርሙሱን ነጥቆ ሞላው። ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ አየው፤ ፊቱ ሲለዋወጥ አየችው።

«ይሄን?» አለ። የሚናገረው ለማን እንደሆነ አይታወቅም። «ይሄን ልታጠጡኝ ነበር? ለሕፃናቱ?»

የማንቂያው ደወል ጮኸ። የመጫኛው ክንድ በራሱ ተነሳ። የአራተኛው ታንከር ፓምፕ ቆመ።

ጠርሙሱ መካኒኩ ብብት ሥር ገብቷል። ሃያ ሰው አይቷል። ይህን የሚደፋ ገንዳ የለም።

ሥራ አስኪያጁ ከራቫቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ደረሰ። የተበጠሰውን ሽቦ አይቶ ደሙ ከፊቱ ሸሸ። «እሽጉን ማን ነው የበጠሰው?»

«እኔ ነኝ» አለች ሴትዮዋ።

ደወሉ ዋጠው። ማንም አልሰማትም።

«እኔ ነኝ!» አለ ጋሼ። እሱ ለመጮህ የለመደ ሰው ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ከታንከር አናት ወደ ታች ሲጮህ ኖሯል። «ፒንሳውም የኔ ነው። እሷ ናሙና ልትቀዳ ነው የመጣችው።» ከዚያ ወደሷ ዞሮ ለብቻዋ ተናገረ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ቀይ እያየሁ አፌን የያዝኩ እኔ ነኝ ልጄ። ጡረታዬን ብዬ። ተይው።»

አፏን ከፈተች። ዘጠኝ ዓመት ማንም ሳትሆን ኖራለች። ዘጠኝ ዓመት የተማረችው ሰው ሲያያት መጥፋት ነው። ደወሉ ቆመ። አሁን ብትናገር ይሰማታል።

ሁለተኛ አልደገመችውም።

ክንዷን የያዘ ሰው ነበር። «ወንፊት» አለ ማሰሪያ የሌለው ጫማ ያደረገው ሰው በጆሮዋ፣ «ወደ መኪናው። ቀስ ብለሽ።»

ጋሼን ሁለት ዘበኞች ግራና ቀኝ ይዘው ወሰዱት። አንደኛው ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። «ይቅርታ ጋሼ፣ ይቅርታ» ይለው ነበር።

*

ባለመነጽሩ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ጠበቃት። የተቆጣ አይመስልም። ለእጇ መሐረብ ሰጣት።

«ቁጣ አልጠበቅሽም?»

መሐረቡን መዳፏ ላይ ጠመጠመችው።

«ናፍጣው ቆመ። እሱ ያበሳጨናል፤ ግን እንችለዋለን። አሻጥረኛው ደግሞ የአገር መጠባበቂያ ነዳጅ እሽግ ሲበጥስ በሃያ ሰው ፊት ተያዘ። ራሱ አመነ።» መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «ከብልቃጧ ይሻላል። ተልዕኮው ተፈጽሟል ወንፊት።»

«እኔ ነኝ የበጠስኩት። እመሰክራለሁ።»

«አንቺ ማን ነሽ? የላቦራቶሪዋ ሴት ዛሬ ጠዋት ሥራ ለቃለች። መታወቂያዋም፣ ፋይሏም የለም። ከዛሬ ምሳ ሰዓት በኋላ የተወለደችበት ቀን እንኳ አይገኝም። ብልቃጧስ?»

«ጉድጓድ ጣልኳት።»

አያት። አመናት፣ ወይም ማመን አመቸው።

ሐሙስ መብራቱ ጠፋ። መካኒኩ ሌሊቱን የጄኔሬተሩን ጋን አጥቦ፣ ማፍሰሻው ካልታሸገው ከሁለተኛው ታንከር ነዳጅ አስመጥቶ ነበር። ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት ጄኔሬተሩ አንዴም አላሳለም። ሬዲዮው «ምንም ዓይነት ችግር አልተፈጠረም» አለ። እሷ ሌላ ከተማ ባዶ ክፍል ውስጥ አልጋ ላይ ተቀምጣ ሰማችው።

አምስቱ የኮሚሽን አባላትም መጡ። ውሃውን አስፈሰሱ፣ ታንከሩን ቆጠሩ፣ ፈረሙ። ማፍሰሻውንም መልሰው አሸጉት። ይህን ያወቀችው ከጋዜጣ ጥግ ነው። ሽቦው ከድሮው ወፍራም መሆኑ ተጠቅሷል።

*

ከሦስት ወር በኋላ፣ በምሳ ሰዓት፣ ከፖስታ ቤቱ የሕዝብ ስልክ ደወለች። ቁጥሩን በቃሏ ይዛዋለች።

«አቤት?» የጋሼ ሚስት ናት። ድምፅዋ ደከም ያለ፣ የሰው ጥያቄ የሰለቻት ሴት ድምፅ።

«ጤና ይስጥልኝ እናቴ። ስለ ጋሼ ልጠይቅ ብዬ ነው።»

«እግዜር ይስጥሽ ልጄ። ያው ነው። ሦስተኛ ቀጠሮ ሰጥተውናል። ከስቷል፤ ቀልዱን ግን አልተወም። ‹አይጧ አመለጠች፣ እኔ ግን ስሮጥ ደረሱብኝ› ይለኛል።»

ሴትዮዋ ግንባሯን የስልኩ ሣጥን ላይ አስደገፈች።

«ጠበቃው የሆነ ነገር በፖስታ ደርሶት ነበር ሲሉ ሰማሁ።»

«አዎ፣ ትንሽዬ ብልቃጥና ደብዳቤ። እውነቱ ሁሉ ተጽፎበታል አለን። እንዴት ደስ እንዳለን! ዳኛው ግን ስም የሌለው ወረቀት አልቀበልም አሉ። የጻፈው ሰው ይምጣ፣ ቀርቦ ይናገር አሉ። ማን ይመጣል?» ተነፈሰች። «አንዲት የላቦራቶሪ ልጅ አብራው ነበረች ይላል። ጠበቃው ሄዶ ጠየቀ፤ እንዲህ የምትባል ሴት እዚህ ሠርታ አታውቅም አሉት። ሽማግሌው በእስር ብዛት መቀላመድ ጀመረ እንዴ ብዬ እኔ ራሴ ፈራሁ።»

«አልቀላመደም።»

«እ?»

«አልቀላመደም እናቴ። ልክ ነው።»

ወዲያ ማዶ ወንበር ሲጎተት ተሰማ፤ አሮጊቷ ተቀመጠች።

«ልጄ» አለች ቀስ ብላ፣ አንዳች ነገር እንዳይበርበት እንደፈራ ሰው። «ማን ልበል?»

ሴትዮዋ ከንፈሯን ከፈተች። እናቷ ያወጣችላት ስም ነበራት። ከማንም አፍ ከሰማችው ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ምላሷ ላይ መጣ። የመጀመሪያው ፊደል ጥርሷን ነካ።

ከመስታወቱ ውጪ አንድ ሰው ቆሞ ነበር። ተራ የሚጠብቅ ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል።

«ልጄ? አለሽ? ማን ልበል?»

ስልኩን ቀስ ብላ ሰቀለችው። ሳንቲሙ ወደ ውስጥ ሲወድቅ ተሰማ።

ወደ አዲሱ መሥሪያ ቤቷ ስትመለስ ከደረጃው ላይ አንዲት የሥራ ባልደረባዋ በአዲሱ ስሟ ጠራቻት። ድሮ አዲስ ስም ለመልመድ ሁለት ሳምንት ይፈጅባት ነበር።

በመጀመሪያው ጥሪ ዞረች። «አቤት» አለች።